ምክር በዙኒ ልክ፦ የአንድ ነባር ሕዝብ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ሥራ የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከጋለፕ ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የዙኒ ሕዝብ ይኖራል። ራሳቸውን አሺዊ ይላሉ። ቋንቋቸው ከየትኛውም ሌላ ቋንቋ ጋር ዝምድናው አልተረጋገጠም። ልጅ ሲወለድ የእናቱ ጎሳ አባል ይሆናል፤ ለአባቱ ጎሳም «ልጃቸው» ነውና በሁለቱም ወገን ግዴታና መብት አለበት። ሌሎች ብዙ ነባር ሕዝቦች ከርስታቸው ተነቅለው ሲበተኑ ዙኒዎች አያቶቻቸው በኖሩበት ምድር ቆይተዋል፤ ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸውም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወጣቶች ራሳቸውን ማጥፋታቸው እየበረታ የመጣው። በዙኒ ባህል ራስን ማጥፋት የተከለከለ ነው። በመሆኑም ነገሩ ለቤተሰብ ሐዘን፣ ለማኅበረሰቡም ከባድ ድንጋጤ ሆነ።

ይህ የጉዳይ ጥናት ለዚያ ድንጋጤ የተሰጠውን ምላሽ ይከተላል። ምላሹ የሕይወት ክህሎት የሚያለማምድ የክፍል ትምህርት ነበር፤ የወሰዱትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ይሁንና ከነባር ሕዝቦች ለሚመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት የሚያደራጅ ሰው ከዚህ ሥራ የሚማረው እጅግ ብዙ ነው። ከማኅበረሰቡ ጋር ተሠርቶ፣ በክፍል ውስጥ ተሞክሮ፣ በመለኪያ ተፈትኖ፣ ሲቆምም ምን እንደተከተለ የታየ ሥራ በዚህ መስክ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄው ከየት መጣ

እስከ 1980 ድረስ የዙኒ ልጆች ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት ጋለፕ ላይ በተቀመጠ የትምህርት አስተዳደር ነበር። በዚያ ዓመት ዙኒዎች ከእሱ ተለይተው የራሳቸውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ዋና ኃላፊ ሄይስ ልዊስ ራሱ ዙኒ ነው። ወጣቶች መሞታቸው ሲቀጥል የትምህርት አስተዳደሩና የማኅበረሰቡ ሰዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምክር ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሆነችው ከቴሬሳ ላፍራምቧዝ ጋር መሥራት ጀመሩ። እሷም የማያሚ ነባር ሕዝብ ትውልድ አላት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ከዘዴው የማይተናነስ ዋጋ አለውና። በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም የቆሸሸ ታሪክ አለው። በ1879 በፔንሲልቬንያ ከተከፈተው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ልጆች ከወላጆቻቸው ተወስደዋል፣ ፀጉራቸው ተቆርጧል፣ በቋንቋቸው በመናገራቸው ተቀጥተዋል። ተመራማሪም ቢሆን መጠይቁን አስሞልቶ፣ ጽሑፉን አሳትሞ፣ ዳግም ሳይመለስ የሚቀር እንግዳ ተደርጎ የሚታይበት ብዙ ነው። በዚህ ታሪክ ላይ ከውጭ የመጣ ባለሙያ «ልጆቻችሁ ታመዋልና ላክማቸው» ብሎ ቢነሣ የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው።

በዙኒ ግን መንገዱ ተገልብጧል። ችግሩን የለየው ማኅበረሰቡ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ባለሙያዋም የተጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። የትምህርቱ ረቂቅ በዙኒ ሰዎች እየተነበበና እየተቃና ተዘጋጀ። የምክር አገልግሎት የሚጀምር ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ በጀት ስላለ አማካሪ ይቀጥራል፣ ቢሮ ይከፍታል፣ ከዚያም ተማሪዎቹ ለምን እንደማይመጡ ይጠይቃል።

የትምህርቱ አካል

ሥራው «የዙኒ የሕይወት ክህሎት ማጎልበቻ ትምህርት» ተባለ። ንድፈ ሐሳቡ የሥነ ልቦና ሊቁ የአልበርት ባንዱራ ነው፤ ሰው ባህርይን የሚማረው ሌላውን በማየት፣ ራሱ በመሞከርና «እችለዋለሁ» የሚል እምነት በማዳበር ነው ይላል። ከዚህ የሚነሣው ግምት ራስን የማጥፋት ዝንባሌ በከፊል የክህሎት ጉድለት ነው የሚል ነው። ወጣቱ ከባድ ስሜትን የሚሸከምበት፣ ችግርን የሚፈታበት፣ እርዳታ የሚጠይቅበት የተለማመደ መንገድ ስለሌለው መውጫ ያጣል። በተጨማሪም ወጣት ሲጨነቅ አስቀድሞ የሚነግረው ለእኩያው ነው። ስለዚህ እኩያው ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ ምስጢሩን ይዞ ዝም ይላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በቋንቋ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነበር፤ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ30 ሳምንታት፣ ማለትም የትምህርት ዓመቱን ሞልቶ። በቋንቋ ክፍለ ጊዜ መሆኑ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሁሉም ተማሪ ይገኛል፤ «አደጋ ላይ ያለ» ተብሎ ተለይቶ የሚጠራ ልጅ የለም። ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር ውስጥ አንድ ልጅ የአማካሪ ቢሮ በር ላይ ቆሞ መታየቱ ወሬ ነው፤ ከሁሉም ጋር ቋንቋ ሲማር መታየቱ ግን ምንም አይደለም።

ይዘቱ ሰባት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ለራስ የሚሰጥ ግምትን መገንባት ነው፤ ሁለተኛው ስሜትንና ውጥረትን ለይቶ ማወቅ፤ ሦስተኛው የመነጋገርና ችግር የመፍታት ክህሎት፤ አራተኛው ራስን የሚጎዱ ባህርያትን ለይቶ ማስወገድ፤ አምስተኛው ስለ ራስን ማጥፋት መረጃ፤ ስድስተኛው በአደጋ ላይ ያለ ጓደኛን የመርዳት ልምምድ፤ ሰባተኛው ለግልና ለማኅበረሰብ ግብ ማውጣት። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ራስን ማጥፋት በስሙ ተጠርቶ የሚነሣው አምስተኛው ክፍል ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎቹ ስሜትን በስሙ መጥራት፣ ማዳመጥና አማራጭ መፈለግ ለምደዋል፤ ከአስተማሪዎቹም ጋር ወራት አሳልፈዋል። ጊዜ አጥሮብናል ብሎ በቀጥታ አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍል ላይ የሚጀምር ሰው ተማሪዎቹ ገና የሚሸከሙበት አቅም ሳይኖራቸው ከባዱን ነገር ይጭንባቸዋል።

እያንዳንዱ ትምህርት አንድ ዓይነት አካሄድ ይከተላል። መጀመሪያ ስለ አንድ ባህርይ ጥቅም ወይም ጉዳት መረጃ ይሰጣል፤ ቀጥሎ አስተማሪዎቹ ክህሎቱን ራሳቸው አድርገው ያሳያሉ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ይለማመዱታል፤ በመጨረሻ አስተያየት ተሰጥቷቸው ያርሙታል። ልምምዱ የሚያርፈው በልጆቹ ሕይወት ውስጥ በእርግጥ በሚገኙ ሁኔታዎች ላይ ነው፦ ከፍቅረኛ መለያየት፣ መገለል፣ የወላጆች ፍቺ፣ ሥራ ማጣት፣ የጤና ችግር፣ ከሕግ ጋር መጋጨት።

ባህሉ የገባው በየት በኩል ነው

ብዙ ፕሮግራሞች «ባህልን ያገናዘቡ» የሚባሉት በሽፋናቸው ላይ የሸክላ ጌጥ ስለታተመ ወይም ስብሰባው በከበሮ ስለተከፈተ ነው። ዙኒ ላይ ባህሉ የገባው በሌላ በኩል ነው።

አንደኛ በአስተማሪው በኩል። ትምህርቱን የቋንቋ መምህሩ ብቻውን አያስተምርም፤ የዙኒ ተወላጅ የሆነ የማኅበረሰብ ሰው አብሮት ይቆማል። መምህሩ ከሌላ ሕዝብ ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ሰው ነገሩን በዙኒኛ ያስረዳል፣ ምሳሌውን ከአካባቢው ያመጣል፣ የትኛው ቀልድ የትኛውን ቤተሰብ እንደሚጎዳ ያውቃል። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችም በሚመለከታቸው ርዕስ ላይ ይገባሉ፤ ተማሪው ችግር ሲገጥመው የሚሄድበትን ሰው ፊት አስቀድሞ ያያል ማለት ነው።

ሁለተኛ በክህሎቱ ቅርጽ በኩል። «ለራስ የሚሰጥ ግምት» የሚለውን የመጀመሪያ ክፍል እንውሰድ። በተለመደው የአሜሪካ አሠራር ተማሪው ተነሥቶ በምን እንደሚበልጥ ይናገራል። በዙኒ ግን ራስን ከሌላው ከፍ አድርጎ ማሳየት አይወደድም፤ ልጁ እንዲህ እንዲያደርግ ቢጠየቅ ያፍራል፣ ሌሎቹም ይታዘቡታል። ስለዚህ ለራስ የሚሰጠው ግምት ልጁ በቤተሰቡ፣ በጎሳውና በሕዝቡ ውስጥ ካለው ቦታ መነሣት አለበት፦ የማን ልጅ ነው፣ ለማን ያስፈልጋል፣ ምን ዓይነት ኃላፊነት ይጠብቀዋል። የማዳመጥ ክህሎትም እንዲሁ ነው። በምክር ሥልጠና ዓይን ለዓይን መተያየትና ቶሎ መልስ መስጠት የጥሩ አዳማጭ ምልክት ተደርገው ይማራሉ። በብዙ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ግን ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው፤ ከመልስ በፊት የሚቆይ ዝምታም አክብሮት ነው። ይህን የማያውቅ አማካሪ አክባሪውን ልጅ «ፈዛዛ፣ የማይተባበር» ብሎ ይመዘግበዋል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚስቱት ነው፤ ሳይነካ በሚቀረው ነገር በኩል። ዙኒዎች ሃይማኖታዊ እውቀታቸውን የሚጠብቁ ሕዝብ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ የሚከበረውን የሻላኮ ሥርዓት እንግዳ ፎቶግራፍ እንዳያነሣ ይከለክላሉ። ከቤተ መቅደሶቻቸው ተወስደው በሙዚየሞች ይገኙ የነበሩትን አሃዩዳ የተባሉ ቅዱሳን ምስሎች ለማስመለስ ከ1978 ጀምሮ ተከራክረው ብዙዎቹን መልሰዋል። እንዲህ ላለ ሕዝብ የሥርዓቱን ምስጢር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ማተም ባህልን ማክበር ሊሆን አይችልም። ተማሪ ራሱ በሥርዓቱ ውስጥ ድርሻ ያለው ሊሆን ይችላልና «ንገረን» ብሎ መጠየቅ በሁለት ግዴታዎች መካከል ያጣብቀዋል። የባህል አማካሪው ሥራ ግማሹ ምን እንደሚጨመር መናገር ከሆነ ግማሹ ምን እንደማይነካ መናገር ነው። ረቂቁን የሚያርም ሰው ይህን ለመቁረጥ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ አስተያየት ሰጪ ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም።

አንድ ልምምድ በክፍል ውስጥ

በዚህ ዘዴ የስድስተኛውን ክፍል አንድ ልምምድ የሚመራ ሰው የሚከተለው እንዲህ ነው። አጭር ታሪክ ይነበባል፤ ለምሳሌ አንድ ጓደኛ ከቤት ጠብ በኋላ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ይሰጥና «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ይላል። ሁለቱ አስተማሪዎች ተነሥተው ውይይቱን ራሳቸው ያሳያሉ፤ አንዱ የተጨነቀውን፣ ሌላው አዳማጩን ይሆናል። ከዚያ ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፦ ተናጋሪ፣ አዳማጭና ተመልካች። ተመልካቹ በእጁ አጭር ዝርዝር ይዞ አዳማጩ ነገሩን በቁም ነገር መያዙን፣ በቀጥታ መጠየቁን፣ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል አለመግባቱን፣ ጓደኛውን ብቻውን አለመተዉን፣ ወደ የትኛው አዋቂ ሰው እንደሚወስደው መናገሩን ይከታተላል። ሦስቱ ቦታ እየተቀያየሩ ሁሉም በሦስቱም ሚና ያልፋሉ።

«በቀጥታ መጠየቅ» የሚለው ብዙ አዋቂዎችን ያስፈራል፤ ጥያቄው ሐሳቡን የሚያመጣ ይመስላቸዋል። ጥናቶች ይህን ፍርሃት አይደግፉም፤ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም፤ ለብዙዎችም እፎይታ ነው። ይሁንና ስለ ሞት መናገር በሚያስነውርበት ማኅበረሰብ የጥያቄው ቃል በባለቤቱ ቋንቋ መመረጥ አለበት፤ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መምጣት የለበትም።

ልምምዱ የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። መምህሩ ጊዜ ሲያጥረው ልምምዱን ትቶ ያስረዳል፤ ተማሪው ያን ጊዜ ቃላቱን ያውቃል፣ አፉ ግን አይከፈትም። ከዚህ የባሰው በቅርቡ ሰው የሞተበት ወይም ራሱ አደጋ ላይ ያለ ልጅ የተጨነቀውን ሰው ሚና ሲይዝ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ታሪኮች ላይ ከባዱን ሚና አዋቂዎቹ ቢይዙት፣ ተማሪዎቹ ደግሞ የረጂውን ቢለማመዱ ይሻላል። ሲያልቅም ተማሪው ከሚናው በግልጽ መውጣት ይኖርበታል፤ በስሙ ይጠራል፣ ቦታውን ይቀይራል፣ ቀለል ያለ ነገር ይደረጋል። ስለ አሟሟት ዘዴ በፍጹም አይወራም፤ የሞተ ሰው ታሪክ እንደ ጀግንነት ወይም እንደ ፍቅር መግለጫ ተደርጎ አይቀርብም።

ከትምህርቱ በፊት ደግሞ የጥሪ መስመሩ መዘጋጀት አለበት። 30 ሳምንት ሙሉ ስለ ስሜት የሚነገርበት ክፍል ውስጥ የሚናገር ልጅ መገኘቱ አይቀርም። በዚያው ቀን ማን ያየዋል? ማን ቤት ይደውላል? ሐኪም የሚገኘው በስንት ሰዓት መንገድ ነው? እነዚህ በወረቀት ላይ ካልተመለሱ ትምህርቱ መጀመር የለበትም።

መለኪያው ምን አሳየ

ላፍራምቧዝ እና ባልደረባዋ ቤት ሃዋርድ ፒትኒ የሥራውን ውጤት በ1995 አሳተሙ። በጥናቱ 128 ተማሪዎች ነበሩበት፤ 69ኙ ትምህርቱን ወሰዱ፣ 59ኙ አልወሰዱም። ምደባው በዕጣ አልነበረም፤ የተነጻጸሩት በነበሩበት ሁኔታ ያሉ ክፍሎች ናቸው። በአንድ ትንሽ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን በዕጣ መበተን አስቸጋሪ ነው፤ ከተበተኑም በኋላ የአክስት ልጆች ማታ ቤት ተገናኝተው የተማሩትን ስለሚነጋገሩ ንጽጽሩ ይደበዝዛል።

ከትምህርቱ በኋላ የወሰዱት ተማሪዎች በተስፋ ማጣትና ራስን የማጥፋት ዝንባሌ መለኪያዎች ላይ ካልወሰዱት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከመጠይቅ ሌላ ተማሪዎቹ የተጨነቀ ጓደኛን ሲረዱ በሚና ልምምድ ታይተዋል፤ ከነባር ሕዝቦች የመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሆነው የዳኟቸው ሰዎች ትምህርቱን ለወሰዱት በችግር አፈታትና በእርዳታ አሰጣጥ የተሻለ ነጥብ ሰጥተዋል። ከመጠይቁ ይልቅ ይህ ክፍል የበለጠ ክብደት የሚሰጠው ይመስለናል። ወጣት በወረቀት ላይ «ጓደኛዬን እረዳለሁ» ማለቱ ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቃሉን ማውጣቱ ሌላ ነገር ነው።

በድብርት መለኪያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ይህን የሥራው ውድቀት አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ እንዳላዩ ማለፍም እንዲሁ። ድብርት ሕክምና የሚሻ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ከ15 እስከ 30 ልጆች ባሉበት ክፍል የሚሰጥ የክህሎት ትምህርት አይተካውም። የክፍሉ ሥራ ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ እኩያውም እንዲያየው ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የግል ምክርና ሕክምና ሊቀበለው ይገባል። ሁለቱን እንደ አማራጭ አቅርቦ አንዱን የሚሰርዝ በጀት አዘጋጅ ይህን ውጤት አላነበበውም።

የሞት ቁጥር ለምን መለኪያ አልሆነም የሚል ይኖራል። ራስን ማጥፋት በብዛት በተጠቃ ማኅበረሰብ ውስጥም ቢሆን በዓመት ሲቆጠር ጥቂት ነው፤ በ128 ተማሪዎችና በአንድ ዓመት ውስጥ ለውጡን በስሌት ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ወደ ሞት የሚያደርሱትን፣ ተስፋ ማጣትንና የክህሎት እጥረትን መለካት ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ውጤቱ የአንድ ትምህርት ቤት መሆኑንና የረጅም ዓመታት ክትትል ያልያዘ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

ሲቆም የሆነው

የረጅሙን ጊዜ ታሪክ የሚናገረው የትምህርት አስተዳደሩ የመጀመሪያ ኃላፊ ልዊስ ነው። በእሱ ምስክርነት፣ ትምህርቱ ሥር ሰዶ በቆየባቸው ዓመታት የወጣቶች ራስን ማጥፋት ከሞላ ጎደል ቆሞ ነበር፤ አመራር ተቀያይሮ ትምህርቱ ሲቀር ሞቱ ተመልሶ መጣ። ይህ የአንድ ማኅበረሰብ መሪ ምስክርነት ነው፤ ቁጥጥር የተደረገበት ጥናት አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ሌላ የተለወጠ ነገርም ሊኖር ይችላል። ሆኖም ነገሩን ከቅርብ ያየ ሰው ቃል ነውና ቀላል ግምት አይሰጠውም።

እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት እንደሚሞት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ማንም አይሰርዘውም። ፕሮግራሙን የሚያውቀው የቋንቋ መምህር ይለቃል፤ አዲሱ ሥልጠና ሳይወስድ መጽሐፉን ብቻ ይረከባል። የማኅበረሰቡ ሰው ደመወዝ ከጊዜያዊ ድጋፍ የሚከፈል ስለሆነ ድጋፉ ሲያልቅ ይቀራል፤ መምህሩም ብቻውን ይቆማል። የፈተና ውጤት ጫና ሲመጣ ከሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱ ለሰዋስው ይወሰዳሉ። ሞት ስለቀነሰም «ችግሩ አልፏል» ይባላል። የሚከላከል ሥራ ውጤቱ አለመታየቱ ስለሆነ ለመቆረጥ የተጋለጠ ነው። መድኃኒቱ አሰልቺ የሆነ የአስተዳደር ሥራ ነው፦ የማኅበረሰብ አስተማሪውን ቦታ በቋሚ የደመወዝ መደብ ማስገባት፣ በየዓመቱ ለአዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና መያዝ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዎች እያንዳንዱን ክፍል ማስተማር የሚችሉ እንዲሆኑ ማድረግ፣ ለነገዱ ምክር ቤት በየዓመቱ ሪፖርት ማቅረብ።

ወደ ሌላ ሕዝብ፣ ከዚያም ወደ ኮሌጅ

ከዙኒ በኋላ ሥራው በኦክላሆማ ታሌኳ ወደሚገኘው የቼሮኪዎች ሴኮያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተወሰደ። በዚያ ለሌላ ቋንቋና ታሪክ ተስማምቶ ተዘጋጀ፤ ከሁለቱ ልምድም በ1996 ለተለያዩ ነባር ሕዝቦች ሊያገለግል የሚችል እትም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። የትምህርት ዕቅዶቹ ብዛት ከ28 እስከ 56 እንደ ቦታው ሊለያይ ይችላል። ክፍሎቹና የማስተማሪያው አካሄድ ይቆያሉ፤ ታሪኮቹን፣ ቃላቱን፣ አብሮ አስተማሪውን እያንዳንዱ ሕዝብ ራሱ ይሞላል።

ኮሌጅ ላይ ሲደርስ ግን አዲስ ችግር አለ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት እውቅና የሰጣቸው ነገዶች ከ570 በላይ ናቸው። በ1968 የናቫሆ ኮሌጅ ከተቋቋመ ወዲህ በነገዶች የሚተዳደሩ ኮሌጆች በርክተዋል፤ በእነሱ ውስጥ የዙኒን አካሄድ መከተል ይቻላል፤ የማኅበረሰቡ ሰዎች ቅርብ ናቸውና። በትልቅ የግዛት ዩኒቨርሲቲ ግን በአንድ የምክር ክፍል ውስጥ ዙኒው፣ ናቫሆው፣ ላኮታውና ቼሮኪው አብረው ይቀመጣሉ። ለሁሉም አንድ የጋራ «የነባር ሕዝብ ባህል» ፈጥሮ ማቅረብ ቀላሉ ስሕተት ነው። የአንዱ ሥርዓት ለሌላው እንግዳ ነው፤ አንዳንዴም ክልክል ነው። ለላኮታው የሚስማማ የላብ ቤት ሥርዓት (በጋለ ድንጋይ እንፋሎት በሞቀ ጎጆ ውስጥ የሚደረግ የመንጻት ሥርዓት) ለዙኒው የራሱ አይደለም።

ለዚህ ሁኔታ የሚጠቅመው ላፍራምቧዝ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ1993 ያሳተመችው ስለ ሁለት ባህል ችሎታ የሚናገር ሥራ ነው። ተማሪው ከሁለቱ ባህል አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይጠበቅበትም፤ በሁለቱም ውስጥ መኖር የሚችልባቸው ስድስት ነገሮች አሉ፦ የሁለቱን እምነትና እሴት ማወቅ፣ ለሁለቱም በጎ አመለካከት መያዝ፣ ማንነትን ሳያጡ በሁለቱም መኖር እንደሚቻል ማመን፣ በሁለቱም መግባባት መቻል፣ በየቦታው የሚስማማውን ሚና ማወቅ፣ በሁለቱም በኩል የሚደግፉ ሰዎች ማግኘት። ለአማካሪ ይህ ጥሩ የመጠየቂያ ካርታ ነው። በመጀመሪያው ወር ተማሪው ከስድስቱ የቱ ላይ እንደሳሳ ማየት ይቻላል። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማይናገረው ልጅ የጎደለው የሚና ልምምድ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜና እሁድን ብቻውን የሚያሳልፈው የጎደሉት ሰዎች ናቸው። ሁለቱን «የመላመድ ችግር» በሚል አንድ ስም መጥራት ለሁለቱም የማይሆን ምክር ያመጣል።

ተማሪው በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን እንደሚጠየቅም ሊታሰብበት ይገባል። ከረጅም የሕመም ምልክት ቅጽ ይልቅ ከየት እንደመጣ፣ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ቤት መቼ እንደሚመለስ መጠየቅ ይቀድማል፤ አማካሪውም ስለ ራሱ ወገን በልኩ ይናገራል። ቅጹ ሊቆይ ይችላል፤ ስለ አደጋ የሚጠይቀው ክፍል ብቻ በዚያው ቀን ይሞላል። አማካሪው ራሱ የተማሪው ጎሳ ዘመድ ሆኖ ቢገኝ፣ በትንንሽ ሕዝቦች ውስጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ተማሪው ሌላ ሰው የመምረጥ መብት እንዳለው በግልጽ ይነገረዋል። በአካባቢው ሌላ ከሌለ በስልክ የሚገኝ ሁለተኛ አማካሪ አስቀድሞ ይዘጋጃል። የባህል ሽማግሌ የሚጠራ ከሆነ የማን ሽማግሌ እንደሆነ ተማሪው ይወስናል፤ ለሽማግሌው የሚከፈለው ክፍያና የመንገድ ወጪም እንደ ማንኛውም ባለሙያ በበጀት ይያዛል።

የእረፍት ፈቃድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከምክር ክፍሉ ሥራ ውጭ ተደርጎ ይታያል፤ መሆን የለበትም። በሻላኮ ሰሞን ቤቱ የሚፈለግ የዙኒ ተማሪ የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስበት ይችላል። ቀብርም እንዲሁ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ደንብ ለወላጅ ሞት ብቻ ሦስት ቀን ቢሰጥ፣ በእናቱ ጎሳ እናቱ የሆነች አክስት ስትሞት ተማሪው ወይ ክፍሉን ወይ ግዴታውን ይጥላል። አማካሪው ከሬጅስትራሩ ጋር ተነጋግሮ የሥርዓትና የቀብር ፈቃድን የሚያካትት ደንብ ካላወጣ በቢሮው ውስጥ የሚሰጠው ምክር ብዙ ርቀት አይሄድም።

ለአደጋ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀጠሮ ከተማሪው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይሞላል። ሲከብደው ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ብቻውን ሆኖ ምን እንደሚያረጋጋው፣ በግቢው ውስጥ ማን ጋ እንደሚሄድ፣ ከቤት ማን እንደሚደወልለት፣ በምን ቋንቋ እንደሚነገረው ይጻፍበታል። በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ በማንኛውም ሰዓት የሚሠራው፣ ራስን የማጥፋት አደጋ ላይ ላሉና ለተጨነቁ እርዳታ የሚሰጠው የ988 የስልክ መስመርም ይገባበታል። ከቤት የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ ተማሪው ራሱ ይመርጣል፤ አያት ሊሆን ይችላል፣ የእናት ወንድም ሊሆን ይችላል፣ ወላጅ ላይሆንም ይችላል። አማካሪው ለዚያ ሰው እንዲደውል የሚፈቅደው ፊርማ በዚያው ወረቀት ግርጌ በረጋ ቀን ይፈረማል፤ ቅጂው በተማሪው እጅ፣ በምክር ክፍሉና በማታ ተረኛው ዘንድ ይቀመጣል። ተማሪው ቤት በተመለሰ ቁጥር የሰዎቹ ስልክ ይፈተሻል።